በቅዳሜው ማሻሻያ ስለደነቆረችው ካርድ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ በኮሪደሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሦስተኛ ፎቅ በሚገኘው ቢሮዎ ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ የማያውቀው የአየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎት በግል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ደረጃ ሲወጡ ደክሟቸው ቀርተው ይሆናል ከሚል ቅን ግምት ተነሥቼ ነው። ምናልባት ካላወቁኝ፣ ምድር ቤት ከመዝገብ ክፍሉ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል የመስማት ምርመራ የምሠራው፣ ሕፃናቱ እትዬ ጆሮ እያሉ የሚጠሩኝ ሠራተኛ ነኝ። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ይቀረኛል።

ከቅሬታዬ በፊት ሥራዬን በአጭሩ ላስረዳዎት ይፈቀድልኝ። በላፕቶፔ ጎን ባለችው ቀዳዳ የምትገባ፣ ከመታወቂያ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ካርድ አለችኝ። ከእሷ የሚወጣው ድምፅ ልኩ የታወቀ ነው፤ በድምፅ መለኪያው ሃያ ዴሲቤል ስላት ሃያ፣ አርባ ስላት አርባ ትሰጣለች። ልጁ የውጭ ድምፅ በማያስገባው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ማዳመጫ አድርጎ ይቀመጣል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል፣ እኔም የሰማውንና ያልሰማውን እመዘግባለሁ። የካርዷ ልክ ከተዛባ የልጁም ውጤት ይዛባል። ስለዚህም በላፕቶፑ ክዳን ላይ «ያለ ባለሙያዋ ፈቃድ ምንም ነገር እንዳይጫን» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ለጥፌ ነበር። ሠራተኞችዎ ወረቀቱን አንሥተው፣ የፈለጉትን ጭነው፣ መልሰው ሳይጣመም ስለለጠፉልኝ ጥንቃቄያቸውን ሳላደንቅ አላልፍም።

ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በዚያ ቅዳሜ፣ ማንም ባለጉዳይ በሌለበት፣ የጤና ጣቢያውን ላፕቶፖች በሙሉ ወደ አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አሻግረዋል። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው የሚያምር የሐይቅ ፎቶ ተቀበለኝ፤ ስለ ፎቶው አመሰግናለሁ። ካርዷን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው የራሷ ፕሮግራም ግን ተሰርዞ፣ በቦታው ለዘፈን ማዳመጫም ለምንም የሚሆን አንድ የጅምላ ፕሮግራም ተተክቶ ነበር። ካርዷ ጭራሽ ዝም ብትል ኖሮ እግዜር ይስጥልኝ ባልኳት ነበር። እሷ ግን ዝም አላለችም። ስክሪኑ ሃያ እያለ፣ የሚወጣው ድምፅ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ይህንንም ሳላውቅ አሥራ ሁለት ቀን ሠራሁበት።

፪. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ለእርስዎ የማቀርበው ጥፋትን አምኖ መጻፍ እንዴት እንደሚቻል ምሳሌ ይሆንዎት ዘንድ ነው። በየጠዋቱ የመጀመሪያው ልጅ ከመግባቱ በፊት ማዳመጫውን በራሴ ጆሮ ላይ አድርጌ ካርዷን እፈትሻለሁ። ያን ሰኞ ሁልጊዜ የምሰማውን ድምፅ አልሰማሁትም። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልሰማሁትም። ወግ ያለው ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ይጠረጥራል፤ እኔ ግን ራሴን ጠረጠርኩ። በቃ እርጅና መጣ አልኩ። የመስማት ምርመራ ባለሙያ ጆሮዋ ከዳት ከተባለ በማግሥቱ ሽኝት እንደሚደገስላት ስለማውቅ ፈራሁና፣ በመፈተሻ መዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ብዬ ጽፌ ሥራ ጀመርኩ። በየቀኑም እንዲሁ ጻፍኩ። በእነዚያ ቀናት ከመረመርኳቸው አሥራ አራት ልጆች ለአሥራ አንዱ መስማት ይቸግራቸዋል የሚል ወረቀት ሰጠሁ። ቁጥሩ ሲበዛብኝም የጉንፋን ወቅት ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። አፍሬያለሁ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

፫. ከአሥራ አንዱ መካከል አንዷ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ያመጧት ትምህርት ቤቱ ለምዝገባ ወረቀት ስለጠየቀ እንጂ ማንም ጠርጥሯት አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ ቁልፉን የተጫነችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ውጤቱን ለእናቷ ስነግራት፣ መቀሷን እንዳንጠለጠለች ከሥራ የመጣችው ያቺ ሴት «እትዬ፣ ቤት እኮ ከጓዳ ሆኜ ስጠራት ትመጣለች» አለችኝ። እናቶች ሁሉ እንዲህ ይላሉ ብዬ ወረቀቱን መሙላት ቀጠልኩ። ማኅተሜን ፈልጌ ሳጣ ለራሴ በሹክሹክታ «የት አደረግሁት» ስል፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ግድግዳ ላይ ያለውን የጆሮ ሥዕል ስትመለከት የነበረችው ልጅ፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ «ከደብተሩ ሥር ነው» አለችኝ። እውነትም ከደብተሩ ሥር ነበር። አነሣሁና፣ እሷው በጠቆመችኝ ማኅተም፣ አትሰማም የሚለውን ወረቀት መታሁት።

ክቡርነትዎ፣ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብድግ ብዬ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ዞሬ ነው የተመለስኩት።

፬. በአሥራ ሦስተኛው ቀን ላፕቶፑ «እንዲህ ያለ ዕቃ አልተገኘም» ብሎ ካርዷን ጨርሶ ካዳት፤ እኔም እየሮጥኩ ወደ እርስዎ ወጣሁ። ቀና ብለው ሳያዩኝ ካርዷ አርጅታ ነው አሉኝ፤ በማግሥቱም «የካርዱ ዕድሜ ያበቃ ሲሆን ማሻሻያው መቶ በመቶ ተሳክቷል» የሚል ወረቀት ላኩልኝ። ሳትታይ የተመረመረች ዕቃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ከዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሊወገድ ተራ ሲጠብቅ ከማሻሻያዎ ያመለጠ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለምኜ አወጣሁና ያችኑ አርጅታለች ያሏትን ካርድ ሰካሁበት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ያ የማውቀው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ጆሮዬ ምንም አልሆነም ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሥራ አንዱንም አስጠርቼ ደግሜ መረመርኳቸው፤ ዘጠኙ ደህና ይሰማሉ። ስምንቱ ወረቀታቸውን ገና ለትምህርት ቤት ስላልሰጡ ተቀብዬ ቀደድኩት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ወረቀት ግን ገብቶ፣ ከከተማው ማዶ ባለው ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተዘጋጀው ክፍል ተመድባለች። ክፍሉ መልካም ክፍል ነው፤ በእውነት ከማይሰሙት ከሁለቱ አንደኛው ልጅ ግን ቦታ ሞልቷል ተብሎ ቤቱ ተቀምጧል። ሰፈሯ ያለው ትምህርት ቤት የሚመልሳት፣ የመሣሪያው ኃላፊ ጉድለቱ የመሣሪያው እንደነበር አምኖ ከፈረመ ብቻ ነው። ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። የመሣሪያው ኃላፊ ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ከፈረሙም ያ መቶ በመቶ የሚለው ሪፖርትዎ ይጎድላል።

፭. አምስተኛው ስለ ሐይቁ ፎቶ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ትሕትናዬ እዚህ ላይ ትንሽ ያጥረኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተናድጃለሁ። ማንም ይሳሳታል፤ እኔ ከእርስዎ የባሰ ተሳስቻለሁ። አንጀቴን እርር ድብን ያደረገው፣ እናቲቱ ሁለት ቀን ሥራዋን ፈትታ በርዎ ላይ ስትቀመጥ በጸሐፊዎ በኩል «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማስባልዎ፣ እሷም በበሩ ክፍተት ሻይዎን ሲያማስሉ ማየቷ ነው። አንዲት ልጅ ዓመት ሙሉ የማይሆናት ክፍል ውስጥ ከምትቀመጥ፣ ከመቶዎ ላይ አንድ ቢቀነስ ምን ይሆናሉ? እኔ የውሸት የሞላሁትን የመፈተሻ መዝገብ ከነጥፋቴ ለሥራ አስኪያጁ አስረክቤያለሁ፤ ሁለቱ ዓመት ቢቀርብኝም ይቅርብኝ። በአዲሱ የምርመራ ወረቀትም ላይ ስሜንና ፊርማዬን አስቀድሜያለሁ። ከሥሩ ያለው ባዶ መስመር የእርስዎ ነው፤ እስክሪብቶም በክር አስሬበታለሁ።

ለአሻጋሪነትዎ፣ ለመቶ በመቶዎና ለታላቅ ትዕግሥትዎ ያለኝን ወደር የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ብቻ ታዛዥዎ የሆንኩ፣

የምድር ቤቷ የመስማት ምርመራ ሠራተኛ
(እትዬ ጆሮ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅቷን ማክሰኞ ዳግም መርምሬ ከሳጥኑ እንደወጣች፣ የሳጥኑም የክፍሌም በር ተዘግቶ ሳለ፣ አባቷ ኮሪደር ላይ ለዘበኛው ስለ እርስዎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረውን ሁሉ ቃል በቃል ደገመችልኝ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም ነበር። የመስማት ችሎታዋ ማስረጃ ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ «ተጨማሪ አስተያየት» በሚለው ሳጥን፣ ልክ ከሚፈርሙበት መስመር በላይ፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ አስፍሬዋለሁ።