የሸመደድኳቸው አምስት ቃላት

ጥቅምት 6
ዛሬም ቤት ዋልኩ። የማርመው ፈተና ከሌለ ቀኑ አልመሽ ይለኛል። የመታኝ ስትሮክ "ቀላል ነው" ተብሏል። እጄ ድኗል፣ አፌም ተስተካክሏል። ታዲያ ምን ሆኜ ነው የምቀመጠው? ሐኪሟ ግን "የማስታወስ ፈተናውን ሳያልፉ ክፍል አይገቡም" ብላለች። ባለፈው አምስት ቃላት አንብባልኝ ሁለቱን ብቻ መለስኩ። የሂሳብ አስተማሪ... ሁለት ከአምስት!

ጥቅምት 9
ባለቤቴ በፈተናው ቀን ሐኪሟ ጋ አብራኝ ገብታ ነበር። ጨዋታ አስመስዬ ቃላቱን ጠየቅኋት። ወንበር፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ ጫማ፣ ዝናብ። መኝታ ቤት ገብቼ ስሸመድድ ዋልኩ። ስንቱን ኮራጅ ከክፍል ያስወጣሁ ሰውዬ! ምን ነካኝ?

ጥቅምት 14
የደም ግፊት ኪኒኑን ከተውኩት ሰነበትኩ... ያደነዝዘኛል ብዬ። ሲጋራውንም ሽንት ቤት ተደብቄ አጨሳለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ። "አቆምክ አይደል?" አለችኝ ባለቤቴ። "ድሮ!" አልኳት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 20
ጉድ ሆንኩ። ሐኪሟ ቃላት አነበበችልኝ። ትንሽ አውርተን "እስቲ ይድገሙልኝ" አለች። አንበለበልኩት። ወንበር፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ ጫማ፣ ዝናብ!
ከወረቀቷ ቀና አለች።
"ጋሼ... እነዚህ የባለፈው ናቸው። ዛሬ ያነበብኩልዎ ሌላ ነው።"
የዛሬዎቹን አንዱንም አላስታውስም። መለወጣቸውንም አላስተዋልኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!
ግፊቴን ስትለካ ፊቷ ተለወጠ። "ኪኒኑን ይወስዳሉ? ሲጋራስ?" ልዋሽ ነበር... ምን ዋጋ አለው? ሁሉንም አወጣሁት።
"ቀላል ነው ስንልዎ ናቁት አይደል?" አለች። "ግፊቱና ሲጋራው ውስጥ ውስጡን ነው አእምሮዎን የሚጎዱት። ስትሮኩ ከተደገመ ደግሞ ይብሳል። የጠፋው ሁሉ ይመለሳል አልልዎትም። የቀረውን ግን እንጠብቅ።"

ጥቅምት 21
አፈርኩ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 23
ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩ። "ክፍሌን ለሌላ ሰው ስጥልኝ።" "እስከ መቼ?" አለኝ። እንጃ...
ለባለቤቴም ኪኒኑን መተዌንና ሲጋራውን ነገርኳት። የቃላቱንም ነገር ልነግራት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።
"ስትሸመድድ እሰማህ ነበር።"
"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"
ሽንኩርት መላጧን ተወች። "እንድታልፍ ፈልጌ ነዋ!"
ሁለታችንም አቀረቀርን። ቆይታ ኪኒኑን ከነውሃው አመጣችልኝ። ዋጥኩ። አልሄደችም።
"አፍህን ክፈት" አለችኝ።
ከፈትኩ።