ደካማው ፓምፕ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከት/ቤት መልስ

ደብተሬ ሆይ፣ እኔ ኃጢአተኛዋ ሰሎሜ ዛሬ እናዘዛለሁ። አያቴ አባባ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ግንባራቸው ላይ እያየሁት አብሬ ፈለግሁ። ሩብ ሰዓት ሙሉ። አልጋ ሥር ሳይቀር ገባሁ።

የተፈለገው ለኤሊ ነው። ኤሊ የአያቴ መኪና ናት፤ በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች፣ በጸባይ ደግሞ ትብሳለች። ቁልፍ ሲዞር ከኋላ ጠቅ ጠቅ የሚለው የኤሌክትሪክ ቤንዚን ፓምፗ ዝም ብሏል። ቅዳሜ ግን ሱሉልታ መድረስ አለባት። የአባባ የጥንት ጓደኛ ታመው ተኝተዋል። እናቴ ሚኒባስ አለ አለች። አባባ አልሰሙም። ጆሯቸው የሚሰማው ሲፈልግ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ከሰበታ ቡራዩ፣ ሐጂ ከድር መለዋወጫ ሱቅ። በሚኒባስ (ለካ ይቻላል)። ከእኔና ከአባባ ጋር ጎረቤታችን ኦቦ ደበላም አሉበት፤ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የአሁን የሁሉም ነገር አዋቂ።

ሐጂ ሁለት ፓምፕ አወጡ። ሁለቱንም ውሰዱ፣ የማትፈልጉትን ሰኞ መልሱ አሉ። መልካቸው መንታ፤ የሚለያቸው ጎናቸው ላይ ያለች የግፊት ቁጥር ናት። አንዱ ደካማ፣ ሌላው አሥር እጥፍ። ኦቦ ደበላ ኃይለኛውን አነሱ፤ ዳገት ጉልበት ይፈልጋል። እኔ ከስልኬ አንብቤ፦ ኤሊ ባለ ካርቡሬተር የድሮ መኪና ናት፣ ያ ለዘመናዊ መኪና ነው፣ ከመጠን በላይ ከተገፋላት ቤንዚኑ ሞልቶ ትኩስ ሞተር ላይ ይፈሳል፣ እሳት ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ስልክሽ ዳገት ወጥቶ ያውቃል?» አሉ ኦቦ ደበላ።

ተሳቀ። ሐጂም ሳቁ፤ ደንበኛ ናቸዋ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዛሬ አባባን ብቻቸውን አግኝቼ ደገምኩላቸው። ደካማውን አገላብጠው አዩት። «ይሄ ለሽማግሌ ነው» ብለው አስቀመጡት።

ሳቄ ጠፋ። ባለፈው ወር እናቴ መንዳት ይብቃዎት ብላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደካማ የሚባል ነገር ቤት ውስጥ አይወዱም። ትናንት ሻይ እንኳ ቀጠነ ብለው መለሱ። እኔ ስለ ፓምፕ ነበር የማወራው። እሳቸው ምን እንደሰሙ አሁን ገባኝ።

ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ነገ ጠዋት ይገጥሙታል። ሳጥን ለዋወጥኩ። ደካማው የኃይለኛው ሳጥን ውስጥ ነው። ቁጥሩን ካነበቡ አለቀልኝ። ተስፋዬ ግንባራቸው ላይ ያለው መነጽር ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ገጠሙት። ኦቦ ደበላ በኦሮምኛ መረቁት። ቁልፍ ዞረ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ኃይለኛው ቢሆን ያጉረመርም ነበር። አባባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። እኔን አዩ። ማርሽ አስገብተው ነዱ።

ኤሊ ዳገቱን አንዴም ሳትቆም ወጣች። ኦቦ ደበላ መንገድ ሙሉ ጉልበት ማለት ይሄ ነው ሲሉ፣ አባባ «ልክ ነህ ደበላ» ይላሉ። የታመሙት ጓደኛቸው ኤሊን በመስኮት አይተው፣ ሰው ሳይደግፋቸው ቀና ብለው ተቀመጡ።

አሁን ግቢያችን ውስጥ፣ ኤሊ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። ሰኞ ሐጂ የሚመለሰውን ሳጥን ሲከፍቱ ኃይለኛው ይወጣል፤ አባባ በሰው ፊት ያፍራሉ። ስለዚህ ወስኛለሁ፤ እራት ላይ ራሴ እነግራቸዋለ—

ኮቴ። አባባ ናቸው። የሚመለሰውን ሳጥን ከፍተው ይዘዋል። መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነው።

«ሰሎሜ።»