ያልተገኘው የጥርስ ጠባሳ

የጥገኝነት ውሳኔዎችን ለሚመረምረው ችሎት፣ ለክቡር ዳኛ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን፤ ዓይንዎም የእኔን መዝገብ ሲያገላብጥ ብዙ አልደከመምና ብርሃኑ ይሰንብትልዎ።

እኔ አቤቱታዬ ባለፈው ሳምንት በእርስዎ ፊርማ የተዘጋው ልብስ ሰፊ ነኝ። በአገሬ ለገዢው ፓርቲ ሰልፍ ካናቴራ አልሰፋም በማለቴ ሱቄ ታሽጎ፣ አብሮኝ የሚሰፋው ወንድሜ ታስሮ፣ እኔ ከባለቤቴ ጋር ሸሽቼ እርስዎ ዘንድ ደረስኩ። ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው፤ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ አሳጥራለሁ።

አንደኛ፣ የጥገኝነት ቢሮው መርማሪ ማንን እንደምፈራ ሲጠይቁኝ የከተማችን ሹም ጥርስ ነክሶብኛል አልኩ። አስተርጓሚው፣ ቋንቋችንን ከእናቱ ጋር በስልክ ብቻ የሚያወራ ደግ ሰው፣ ሹሙ በጥርሱ ነከሰኝ ብሎ አስረዳልኝ። ሐኪም ልብሴን አስወልቆ አገላብጦ አየኝ፤ ጠባሳ ጠፋ፤ እኔም ውሸታም ተባልኩ።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው ካናቴራ አለመስፋት ስንፍና እንጂ የፖለቲካ አመለካከት አይደለም ይላል። የሠርግና የተማሪ ልብስ ስሰፋ እጄን አሞኝ አያውቅም፤ የሚያመኝ ለእነሱ ስሰፋ ብቻ ነው። ይህ አመለካከት ካልሆነ መቼም ቁርጥማት ነው።

ሦስተኛው የእርስዎ ድርሻ ነው። ጠበቃዬ የትርጉሙን ስህተት ቢያስረዱም፣ እርስዎ የችሎቱ ሥራ ጠባሳው በሥርዓቱ መፈለጉን ማረጋገጥ እንጂ መጀመሪያውኑ ንክሻ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ አለመሆኑን ገልጸው ውሳኔውን አጸኑት። አቤት ጥንቃቄ! እንግዲህ እኔም ሱሪ ጠበበኝ ብሎ የሚጮህ ደንበኛ ሲመጣ፣ ሜትሩን በሥርዓቱ ይዤ ነበር ብዬ እሸኘዋለሁ። ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ እኔው ነክሼ እልክህ ነበር ብላ ሳቀች። ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ግን አለቀሰች፤ ሰኞ ወደ አገሬ ተመላሽ ነኝና። ሹሙ ከሥልጣኑ አልወረደም፣ ወንድሜም አልተፈታም። ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልንገርዎ፣ እፈራለሁ።

የሰው ቃል ለመስማት ጆሮዎን ላላስቸገሩ ለእርስዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ልኬ ሳይወሰድ የተቆረጥኩት ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ከተመለስኩ በኋላ ጠባሳው በገላዬ ላይ ከተገኘ፣ እባክዎ ከመዝገቤ ጋር ይያያዝልኝ፤ ማስረጃ ጎድሎታል ብለው ነበርና።