ቀይዋ መኪና ላይ የታሰረው ባና

መሐል ሜዳ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ምንተስኖት፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው። በልቤ ያለው ቃል ሌላ ነው፤ በወረቀት አይጻፍም። በስልክ እንዳላወራህ ሁለት ጊዜ ደውዬልህ፣ መጀመሪያ ሳቅህብኝ፣ ቀጥሎ «ቀረጻ ላይ ነኝ ጽናትዬ» ብለህ ዘጋኸው። መልእክት እንዳልልክልህ ከአድናቂዎችህ መልእክት መሀል ገብቶ ይጠፋል። ስለዚህ ወረቀት ገዝቼ ጻፍኩልህ። አዲስ አበባ የሚወርድ ሾፌር በእጅህ ያደርስልሃል። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቪዲዮህን አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ። «ለዕለት ተዕለት የሚሆነው የስፖርት መኪና የቱ ነው? ሞተሩ ከፊት ያለው ወይስ መሀል ያለው?» እያልክ ትጀምራለህ፣ ያንን ጥቁር መነጽርህን ሰክተህ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ታወራለህ። ሰዉ የያዘልህ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አባቴ ቀይዋ መኪና ጀርባ ላይ ባና ሲያስሩ። ከሥሩ «ሞተሩን ብርድ ልብስ ያለበሱት አባት» ብለህ ጽፈሃል። ከጽሑፉ ጎን ደግሞ የሚስቅ ፊት ለጥፈሃል። አንተን አሥር ዓመት ልጄ ሲሉህ የኖሩ ሰው ናቸው እኮ!

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ፤ አንተ ከመሀል ስለጀመርከው።

በኅዳር ደወልክልኝ። ሁለት የስፖርት መኪና ከባለቤቶቻቸው ተውሰሃል፣ ይሥሐቅ የሚባል ካሜራ የሚይዝ ጓደኛህን ይዘሃል፣ የመንዝን መንገድ ፈልገሃል። «ከአንቺ የተሻለ መንገዱን የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱንም ንጂና ለሕዝቡ ንገሪ» አልከኝ። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ መንዳት ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ መኪና አንድ ሰው እንኳ አስተያየት ጠይቆኝ አያውቅም። ሴት ሾፌር ሲያይ «ፍሬኑ ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ነው የማውቀው። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገርህ! የቀረጻው ቀን ሲደርስ ተራዬን ለሌላ ሰጥቼ መጣሁ።

ነዳኋቸውም። ሰማያዊዋ ሞተሯ ረጅሙ ኮፈን ሥር ነው። ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ይከብዳል፣ ፍሬን ሲያዝ ታጎነብሳለች፣ ግን አመሏ ይታወቃል፤ ልትንሸራተት ስትል አስቀድማ ትነግርሃለች። ከወንበሯ ኋላ ሻንጣ ይገባል፣ በመስታወትም ከኋላህ ማን እንዳለ ታያለህ። ቀይዋ ሞተሯ ከጆሮህ ኋላ ነው፣ በወንበሩና በኋላ ጎማዎቿ መካከል። እውነቱን ልናገር፤ ኩርባ ላይ እንደ እሷ ያለ ነገር ነድቼ አላውቅም። መሪውን ጠምዝዤ ሳልጨርስ ዞራለች። ግን በኋላ መስታወቷ የሚታይህ የራሷ ክዳን ነው፤ አይሱዙ ተጠግቶህ ጥሩምባ እስኪነፋ አታውቅም። ሻንጣ የሚገባው አፍንጫዋ ውስጥ ነው፣ እሱም አንድ ጥንድ ጫማና አንድ ጃኬት ሲገባበት ይሞላል። ከሳትክ ደግሞ ሳታስጠነቅቅህ ነው ኋላዋ የሚዞረው። ኮረኮንቹ ላይ ደግሞ ሆዷ ድንጋይ ይነካል።

ይህን ሁሉ ካሜራህ ፊት ተናግሬአለሁ። «ታዲያ ለዕለት ተዕለት የቱ ይሻላል?» ስትለኝ «የማን ዕለት?» አልኩህ። የኔ ዕለት በግ ከየት እንደሚወጣ የማይታወቅበት ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል የማደርስበት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ደግፌ የማሳፍርበት ነው። ከቀይዋ ስወርድ እኔ ራሴ በእጄ መሬት ተደግፌ ነው የተነሳሁት። «ከሁለቱ ምረጪ ካልከኝ ሰማያዊዋ ትሻላለች፤ ቀይዋ ግን ልቤን ወስዳዋለች» አልኩህ። ያማረ መልስ ነበር። ቆርጠህ ጣልከው። በምትኩ የራስህን ድምፅ አስገብተህ «ሞተሩ መሀል ያለ መኪና ለአገራችን ገጠር አይሆንም፤ ሕዝቡ ሞተሩ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም» አልክ።

ሕዝቡ አያውቅም! ማን ነገረህ? ማንን ጠየቅህ?

ሞላሌ አብረን ስንማር ቅዳሜና እሑድን የምታሳልፈው እኛ ቤት እንደነበር ለአድናቂዎችህ ነግረሃቸዋል? አባቴ የዚያን ቀን ደጃፍ ድረስ ወጥተው እንዴት እንደተቀበሉህ ይሥሐቅ ቀርጾታል፤ እሱንም ቪዲዮህ ላይ አላየሁትም። «እንደምን ሰነበትህ ልጄ፣ እሰይ፣ ፊትህ ወዛ ብሏል» ብለው ሦስቴ አራቴ ሳሙህ። ከዚያ ባናውን አወጡ። ጥቁርና ነጭ፣ ከራሳችን በግ የተሸለተ፣ እናቴ የፈተለችው፣ እሳቸው ሦስት ሳምንት የሸመኑት። እንደምትመጣ ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ ነበር የሠሩት። እንግዳ ባዶ እጁን ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም።

«አዲስ አበባ ብርድ የለም ይሉኛል፤ እኔ አላምንም» አሉህ። አንተም ሳቅክ።

ይሥሐቅ የሰማያዊዋን በር ከፍቶ «እዚህ ኋላ ይገባል» አለ። ቦታው ነበር! አንተ ግን «ቆይ፣ ቀይዋ ላይ ይታሰር፤ ጥቁርና ነጩ በቀይ ላይ ለቀረጻ ያምራል» አልክ። አባቴ በዕድሜያቸው ያዩት መኪና ሁሉ ሞተሩ ከፊት፣ ጭነቱ ከኋላ ነው። በውርጭ ጊዜ ሾፌሮቻችን ማታ የሚያለብሱት አፍንጫውን ነው። ስለዚህ ባናውን ይዘው በቀይዋ አፍንጫ በኩል ሲያልፉ «ሞተሩ እንዳይታፈን ወደ ኋላ ላድርገው» አሉ። ጀርባዋን ዳበስ አደረጉና ግን ቆም ብለው ጠየቁህ። ቃላቸውን አንድ ባንድ አስታውሰዋለሁ።

«ልጄ፣ እዚህ ይሞቃል። እዚህ ላይ ባስረው አይጎዳትም?»

«ምንም አይሆንም ጋሼ። ጥብቅ ያድርጉት።»

እንዲህ ነበር ያልከው። ካሜራው ክፍት ነበር። ቪዲዮው ላይ ግን ጥያቄያቸው የለም፣ መልስህ የለም፤ አንድ ሽማግሌ ገመድ ሲያጠብቁ ብቻ ነው ያለው፣ ከሚያስቅ ሙዚቃ ጋር።

አሁን የኔን ልናገር። ይህንን ሳልጽፍ ደብዳቤውን ብልክልህ ካንተ አልሻልም።

እኔም እጄን ክዳኑ ላይ አሳርፌ ነበር፣ አባቴ ከመጠየቃቸው በፊት። ከተራራው ገና መውረዳችን ነበር፤ ክዳኑ ያቃጥላል። የኔ ሚኒባስ ሞተር ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። አዲስ አበባ ሰው እዚያ ላይ መቀመጥ ይጠላል ይባላል፤ እኛ አገር በጥርና በታኅሣሥ ጠዋት ይጣሉበታል። አንዴ ጋቢዬን ላሙቅበት ብዬ ሞተሩ ክዳን ላይ ብተወው ጫፉ ጠቁሮ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ሱፍ ትኩስ ሞተር ላይ ሲታሰር ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ደጃፍ ላይ አልነበረም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንተ ቁልፉን አሳይተኸኝ «ቀይዋን እስከ ጣርማ በር አንቺ ትነጂያታለሽ» ብለኸኝ ነበር። ባናው ይውረድ ብል ተቆጥተህ ቁልፉን ለይሥሐቅ የምትሰጠው መሰለኝ። «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ኩርባ ብቻ ነው፣ ትንሽ ምስል እንወስዳለን» አልክ፤ እኔም ትንሽ መንገድ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ያቺን መኪና ወደድኳት ምንተስኖት። ለእሷ ስል አባቴን ዝም አልኳቸው።

ትንሹ መንገድ ትንሽ አልሆነም። ዳገቱን አራት ጊዜ አስወጣኸኝ፤ አንዴ ፀሐዩ ጠፋ፣ አንዴ በግ ገባ፣ አንዴ ቀስ ብለሽ ንጂ እያልክ። በአምስተኛው የተለበለበ ሱፍ ሸተተኝ፣ ከዚያ ጭሱ መስታወቱን ሞላው። ገመዱን በቢላ ቆርጠን ባናውን ስናነሳው ሆዱ ተበልቶ ነበር፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክና ሽቦም ቀልጧል። መኪናዋ ቀጥ አለች። አባቴ ጭሱን ከቤት አይተው አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክመው እየሮጡ መጡ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጆቼ፣ ሰው ተርፏል?» የሚል ነበር። ይህንንም ይሥሐቅ ቀርጾታል። ይህንንም ጣልከው።

ቪዲዮውን በታኅሣሥ አወጣኸው። የኔን መንዳት ጨርሶ እንዳጠፋኸው ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እፎይ ነው ያልኩት። ይህን ስጽፍልህ እጄ ያፍራል።

ከዚያ መናኸሪያው ውስጥ ተራ ስጠብቅ ሾፌሮቹ «ጽናት፣ ሞተርሽን አላለበስሽውም?» ማለት ጀመሩ። ቻልኩት። አባቴ ግን ስልካቸው የመደወያ ብቻ ስለሆነች ምንም አያውቁም ነበር፤ ሞላሌ ገበያ ባና ሊሸጡ ወጥተው ነው የሰሙት። ሱፍ የምትሸጠው ጌታነሽ በልጇ ስልክ አሳየቻቸው። እሷ ልታስቃቸው ብላ ነው፣ ክፋት የላትም። እሳቸው ግን አልሳቁም። የያዙትን ባና አጣጥፈው ተመለሱ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ወጥተው አያውቁም።

ይህም ይለፍ። የባሰው ሌላ ነው። አባቴና እናቴ ቆራቢዎች እንደሆኑ ታውቃለህ። ከቪዲዮው በኋላ ባለው እሑድ እናቴ ስትገባ እሳቸው ደጀ ሰላሙ ላይ ቀሩ። የንስሐ አባታቸው አባ ቴዎፍሎስ ቢጠይቋቸው «የሰው ንብረት በእጄ ተቃጥሏል፤ ልጁም በአደባባይ ስሜን አንሥቶ ከሶኛል። ሳልታረቅ እንዴት እቀርባለሁ?» አሉ። ይኸው ስድስት እሑድ ሆነ፤ እናቴ ብቻዋን ትገባለች፣ እሳቸው ውጭ ይቆማሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ነጠላቸውን አሳጥበው ሁለት ሽማግሌ ለመኑ። አዲስ አበባ ሊመጡ! አንተን ይቅርታ ሊጠይቁ!

ያን ዕለት ነው መጀመሪያ የደወልኩልህ። ምን አልከኝ? «ቀልድ እኮ ነው ጽናትዬ፣ ሰው ወደዳቸው፤ አባትሽ ዝነኛ ሆኑ።» ዝነኛ! ሰውዬው ሥጋ ወደሙ ቀርቶባቸው አጥር ሥር ቆመው ሲያለቅሱ ዝናው ምን ያደርግላቸዋል? አንተን ዝና ካጠገበህ ብላ። በአባቴ ፊት ግን አትብላ።

ትናንት ከቅዳሴ እንደተመለስን ነገርኳቸው፤ ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። መደብ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሲያጣጥፉ ነበር።

«አባባ፣ የዚያን ቀን ሞተሩ የት እንዳለ አውቅ ነበር።»

ነጠላውን ለቀቁት። «እጅሽ ነክቶት ነበር?»

«አዎ።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«መኪናውን ያመጣው እሱ ነው አባባ። እንዴት አያውቅም?»

«እኔ ጠይቄው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጠይቄው አልነበረም? ያረጀሁ መስሎኝ ነበር እኮ። የጠየቅሁት በሕልሜ ነው ብዬ ነበር።»

ምንተስኖት፣ ይህንን ስሰማ የሆንኩትን መጻፍ አልችልም። የገዛ ትውስታቸውን አስክደናቸዋል፣ አንተም እኔም። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሱኝና «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፤ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። ሽማግሌዎቹንም አሰናበቱ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ «በሚቀጥለው እሑድ እንግዲህ ይቀርባሉ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እስከ ዛሬ በደልኩት ብዬ ቀረሁ። አሁን ደግሞ ተቀይሜዋለሁ። ተቀይሜ አልቀርብም» አሉ። በስልክ ላገናኛችሁ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ይቅርታ ፊት ለፊት ነው።

ስለዚህ አሁን በእጅህ ነው። የቆረጥከውን መልሰህ ቀጥለህ አውጣው፤ ጥያቄያቸውንም፣ መልስህንም፣ ክዳኑ ላይ ያረፈውን የኔን እጅም። የነዳሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገር፤ ይሳቁብኝ። ከዚያ ና። የካቲት ስምንት እሑድ ቅበላ ነው፣ በማግስቱ ጾሙ ይገባል። አባቴን ሳይቀርቡ ሁዳዴ እንዲገባባቸው ካደረግክ፣ እኔ ላንተ ከእንግዲህ የምጽፈው ደብዳቤ አይኖርም።

በምን ልምጣ እንዳትለኝ፣ እሱንም ጠይቄልሃለሁ። «ያቺን መኪና ያምጣት ወይስ ይተዋት?» ብላቸው እንዲህ አሉ፤ ያሉትን እንዳሉት ነው የጻፍኩልህ፦

«ሞተሩ በፈለገበት ይሁን። ብቻ እሱ ራሱ ይምጣ። ርቦት እንዳይመጣም ንገሪው፤ እናትሽ ምሳ ታቆይለታለች።»

ጽናት ትዕዛዙ