በሪፖርትዎ ገጽ ዘጠኝ ላይ ስለምትስቀው ልጄ

ለተከበሩ የምርጫ ክልላችን እንደራሴ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ ደኅና እንደሆኑ፣ ባለፈው ንግግር ሲያደርጉ ያስቸገረዎት ጉሮሮም እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በሰፈራችን ድምፅዎ ስላልተሰማ፣ እንዳይብስበት እያስታመሙት ይሆናል ብለን እየጸለይንለት ነው።

እኔ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግኩት በክፉ አይተርጎምብኝ። በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላላመጡ፣ ክቡርነትዎን ፖስታ መቅደድ ይሰለችዎት ይሆናል ብዬ ድካምዎን ለማቅለል ነው።

ባለፈው ሳምንት በጸጥታ፣ በሥራ ዕድልና በማኅበራዊ ጉዳዮች የሠሩትን የሚዘረዝረው ባለቀለም መጽሔትዎ በየሱቁ ሲታደል ለእኔም ደረሰኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ የዳሰሰ ጣቴ እንዲህ የለሰለሰ ወረቀት ነክቶ አያውቅም። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ የማመሰግንዎ ነገር ቢበዛብኝ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ፣ ስለ ጸጥታ። ገጽ አራት ላይ በሰፈራችን በዚህ ዓመት አንድም ስርቆት አልተመዘገበም ይላል። እውነት ነው፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ከአምስት ወር በፊት እኩለ ቀን ላይ ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የሱቄ በር ተገንጥሎ፣ ጠርዝ የምሰፋበት መኪናዬ ከነጠረጴዛው ተወስዶ አገኘሁ። ወደ ፖሊስ ጣቢያችን እየሮጥኩ ብሄድ ጣቢያው የለም፤ በሩ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ከክቡርነትዎ መኖሪያ ፊት ለፊት መዛወሩን ትናገራለች። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ እዚያ ስደርስ ተረኛው ፖሊስ በትሕትና «አባባ፣ እኛ አሁን የምንመዘግበው የዚህን ሰፈር ነው» አለኝ። የእኛንስ ማን ይመዘግባል ብዬ ብጠይቀው፣ እሱ ገና በጥናት ላይ ነው አለ። እንግዲህ ያልተመዘገበ ስርቆት እንዳልተሰረቀ ስለሚቆጠር፣ እኔም መኪናዬ እንዳለ ቆጥሬ ጠርዙን በእጄ እየሰፋሁ ነው። ዓይኔ ትንሽ ከመድከሙ በቀር ጸጥታው እጅግ ሰምሮልኛል።

፪ኛ፣ ስለ ሥራ ዕድል። ገጽ ዘጠኝን ስገልጥ የጥበቃ ደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት የክቡርነትዎን እጅ ጨብጣ ትስቃለች፤ ከሥሯም «ሥራ አግኝታ ሕይወቷ የተለወጠ ወጣት» የሚል ተጽፏል። ወጣቷ ልጄ ናት። በጤና ረዳትነት ከተመረቀች አራት ዓመቷ ነው፤ ያልጠናችው ደጅ የለም። አዲስ ለሚከፈተው የአረጋውያን መዋያ ጥበቃ ትፈለጊያለሽ ሲሏት፣ የተማርኩት ሌላ ነው ሳትል በደስታ ተቀበለች። ደንብ ልብሱን ቅዳሜ ሰጧት፣ የመዋያው ምርቃት ሰኞ ነው። ልብሱ እሷን የሚያክሉ ሁለት ሴቶች ያስገባል። እሁድን ሙሉ ትከሻውን ፈትቼ፣ ወገቡን አጥብቤ፣ እጅጌውን ቆርጬ በልኳ አደረግኩት፤ ስትለብሰው እኔም እንደ አባት ኮራሁ።

ሰኞ ክቡርነትዎ ሪባን ቆረጡ፣ ተናገሩ፣ ፎቶ ተነሡ። መኪኖቹ እንደሄዱ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ አንድ ጎልማሳ ልጄን ወደ ጥግ ወስዶ፣ ደንብ ልብሱ ለሌላ ምርቃት ስለሚፈለግ አውልቀሽ መልሺ አላት።

«ሥራውስ?» አለችው።

«ይደወልልሻል።»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ልብሱ ግን አንዴ በእሷ ልክ ተቆርጧልና፣ በሚቀጥለው ምርቃት ሕይወቷ የሚለወጠው ወጣት እንደ ልጄ ቀጭን ትሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ደግሞም ቆጠራዎን አደንቃለሁ፤ መጽሔቱ ይህችኑ አንዲት ልጅ በአዲስ የጸጥታ ኃይልነት፣ ሥራ በማግኘትና በተጠቃሚ ሴትነት ሦስት ቦታ ቆጥሯታል። እኔና እናቷ ወልደን ያሳደግናት አንድ ልጅ ብቻ ይመስለን ነበር።

፫ኛው ምስጋናዬ ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ።

ያን ሰኞ በጥድፊያው ደንብ ልብሱን ሲወስዱ የመዋያውን ቁልፍ ከልጄ መቀበል ረሱ። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ልትመልስ ወደ መዋያው ብትሄድ፣ አሥራ አንድ ሽማግሎችና አሮጊቶች ምርኩዛቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ክቡርነትዎ በድምፅ ማጉያ «ከነገ ጀምሮ ይህ ቤት የእናንተ ነው» ብለዋቸው ነበርና አምነው መጡ። ከመካከላቸው አንዷ ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም እላታለሁ። እታለም የመርሳት ሕመም ከያዛት ሦስት ዓመት አልፏታል፤ በር ክፍት ባገኘች ቁጥር ወጥታ ትሄዳለች፣ እኛም መቀሱን ጥለን መንገድ ለመንገድ እንፈልጋታለን።

ልጄ አየቻቸው። ከዚያ በሩን ከፈተችው።

ወንበር ከየቤቱ መጣ። ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ ለሌሎቹ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር፤ ፀጉር አስተካካዩ ረቡዕ ረቡዕ መላጫውን ይዞ ብቅ ይላል፤ ልጄ በትውስት መሣሪያ የደም ግፊታቸውን እየለካች በደብተር ትጽፋለች። እኔ ለእታለም ቁርጥራጭ ጨርቅ በከረጢት እልክላት ነበር፤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ እየለየች ትውላለች። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሦስት ወር እህቴ አንድም ቀን አልጠፋችም። ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው ስንኳ እንዴት ናችሁ ሳይል ሦስት ወር ሙሉ በሰላም ስለተዉን ልዩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ያ ጎልማሳ አራት ፖሊሶች አስከትሎ መጣ። የእኔን ስርቆት የሚጽፍ አንድ እጅ ያጣ ጣቢያ፣ አሮጊቶች ጨርቅ የሚለዩበትን ቤት የሚከብ አራት ሰው ማግኘቱ ለፀጥታ ያለዎትን ትጋት ያሳያል። ጥፋቱ ያለ ፈቃድ የመንግሥት ሕንፃ መክፈት ነው ተባለ። ፖስተኛው ከወንበሩ ተነሥቶ «ክቡርነታቸው ቤቱ የእናንተ ነው ብለውን የለም እንዴ?» ቢለው፣ ጎልማሳው ተገርሞ አየውና «አባባ፣ እሱ እኮ ንግግር ነው» ብሎ መለሰለት።

ልጄን ይዘዋት ሄዱ። እኔ ወሬው ደርሶኝ መቀሴን እንደያዝኩ ጣቢያ ስደርስ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። አሥራ አንዱም ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ አንዱ አንዱን ደግፎ ቀድመውኝ ደርሰዋል። አግዳሚ ወንበሩን ሞልተው፣ የተረፉት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፖስተኛው ተረኛውን ፖሊስ «ገብተን የዋልነው እኛ ነን፤ እኛንም መዝግበን» ይለዋል። ፖሊሱ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ቢላቸው፣ ቢለምን፣ ቢቆጣ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ መዝገቡን ገለጠና አሥራ አንድ ተጠርጣሪ አንድ በአንድ ጻፈ፤ እታለም ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ሃያ» አለች፣ እሱም ሃያ ብሎ ጻፈ። አመሻሹ ላይ ልጄን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ለቀቋት። እንዲህ ሆኖ የሰፈራችን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቢያው መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ስለዚህም እናመሰግናለን።

መዋያው ዛሬ መጋዘን ሆኗል። በመስኮቱ አጮልቄ ባይ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ያየሁት ይኸው መጽሔትዎ ነው። በተዘጋ በሳምንቱ እታለም ከቤት ጠፍታ ከሰዓት በኋላ ያገኘናት እዚያው ደጃፍ ተቀምጣ ነው፤ ጥበቃው ተነሺ ሲላት፣ «ልጄ እስክትከፍት ነው» እያለች ታረጋጋዋለች። ከዚያ ወዲያ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ወደ ግድግዳ ገፍቼ ሰባቱን ሱቄ ውስጥ፣ አራቱን ደጅ ላይ አስቀምጣለሁ። ልጄም እዚያው ታክማቸዋለች። ደንበኛ ልብስ ሊለካ ሲመጣ ሽማግሎቹ ተራ በተራ ይነሡለታል።

ሕንፃውን ይመልሱልን ብዬ አላስቸግርዎትም። ገጽ ዘጠኝ ላይ ከፎቶው ሥር የተጻፈውን ግን በሚቀጥለው እትም ያስተካክሉልኝ። መጽሔቱን ለልጄ ሳሳያት ትናደዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ፎቶውን ብዙ አየችውና «አባዬ፣ ያን ቀን እኮ ከልቤ ነበር የሳቅኩት» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ላይ የምጨምረው ቀልድ አጣሁ።

ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ሪባንዎ እንዳያልቅብዎ፣ መቀስዎ እንዳይደንዝብዎ እየተመኘሁ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ለጊዜው መራጭዎ፣
ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ስጽፍ እታለም አጠገቤ ተቀምጣ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ስምዎን ነገርኳት፤ «ማናቸው ደግሞ?» አለች። ያደረጉልንን ሁሉ፣ ቃል የገቡልንንም ሁሉ አራት ጊዜ ነገርኳት፤ አራት ጊዜ ረሳችው። ስለዚህ ለመጪው ምርጫ የእሷን ድምፅ ተስፋ ያድርጉ። የቀረነው የሰፈሩ ሰዎች ግን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ የማስታወስ ችሎታችን ሙሉ ጤነኛ ነው።