ወንድሜ ከአማካዩ በመርዘሙ የቀረበ ይቅርታ

ለከተማችን የመቃብር ስፍራዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው የጽሕፈት ቤቱ ባልደረቦች ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይም ቁመታቸው የሁላችንም መለኪያ እንዲሆን ለተመረጡት ዕድሜ እንዲጨመርላቸው ከልቤ እለምናለሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት የቀበርኩት ታላቅ ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ የሰው ቤት አምፖል መሬት ላይ ቆሞ ስለሚቀይር ጎረቤቱ ሁሉ «መሰላል» እያለ ይጠራው ነበር። ከዚህ ስም ቁመቱን መገመት ለክቡርነትዎም የሚከብድ አይመስለኝም።

ጽሕፈት ቤትዎ አስቀድሞ በሲሚንቶ አሠርቶ፣ ሁሉንም በአንድ ልክ ካዘጋጃቸው መቃብሮች ዘንድ ስንደርስ ሳጥኑ አልገባ አለ። በቁመቱ ቢሉት፣ በሰያፍ ቢሉት እምቢ አለ። እናቴ ቆማ እያየች ቆፋሪዎቹ ግድግዳውን በመዶሻ ሲያፈርሱ፣ የእርስዎ ተቆጣጣሪ ጠጋ ብለው «እትዬ፣ ልኩ እኮ በጥናት የወጣ ነው፤ ምናልባት ሳጥኑን አስረዝማችሁት ይሆናል» አሉኝ። ስላጽናኑን እናመሰግናለን።

በማግስቱ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጥናቱን ያካሄዱት ባለሙያ ሁሉንም በኩራት ስላስረዱኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የመላውን ከተማ ሕዝብ ቁመት ለማወቅ አምስት ሰው ብቻ ለመለካት መወሰናችሁን፣ አምስቱም የዚያው ቢሮ ሠራተኞች መሆናቸውን ሰምቼ በቁጠባችሁ ተደንቄአለሁ። ትንሽ ናሙና ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከወንበር ሳይነሱ መልቀሙ ነው። ዝናብ ስለነበር ከግቢ መውጣት አልተመቸንም ብለውኛል፤ ጫማን መጠበቅም አንድ ቁም ነገር ነው።

፪ኛ፦ አምስተኛው ሰው የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበሩ የጸሐፊዋን ቁመት ሁለት ጊዜ መመዝገባችሁ ግን ከትምህርቴ በላይ ሆኖብኛል። ጸሐፊዋን አግኝቻቸዋለሁ፤ መልካም ሴት ናቸው፣ ነገር ግን አንድ ናቸው። ቁመታቸው ልክ አማካዩ ላይ ስለሚውል፣ እሳቸው በተደገሙ ቁጥር ልይይቱ፣ ማለትም የሰው ቁመት ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ የሚርቅበት መጠን፣ እየተኮማተረ ሄደ።

፫ኛ፦ አማካዩን ከእነዚሁ ሰዎች ካወጣችሁ በኋላ ልይይቱን ለማግኘት ለአምስት አካፈላችሁ። ከራሳቸው የወጣ አማካይ ምንጊዜም ለራሳቸው ይቀርባል፤ የሕዝቡ ልይይት አንሶ እንዳይገመት ከአምስት አንድ ቀንሶ ለአራት ማካፈል እንደሚገባ ተማሪዎቼ ያውቃሉ፣ መስኮት ሥር የሚያንቀላፉት ጭምር። ይህንን ስነግራቸው ባለሙያው «በአንድ ቁጥር ምን ይጎድላል?» አሉኝ። የጎደለውን እናቴ ቆማ አይታዋለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልይይቱ ኢምንት ነውና በአማካዩ ላይ አንድ ስንዝር ቢጨመር ለከተማው ሁሉ ይበቃል ብላችሁ ወሰናችሁ። ክቡርነትዎ ይህንን ፈርመው አጸደቁት። ስሳሳት መታረም እወዳለሁ፤ እናንተ ግን የተሳሳታችሁ አልመሰለኝም፣ ግድ የላችሁም። ስለዚህ ከማዘን አልፌ ንቄአችኋለሁ። ሁለተኛው ረድፍ በዚሁ ልክ ሊሠራ ነው ሲባልም ሰምቻለሁና፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በፊት ወደ ገበያው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ አውቶቡስ ተራው ወጣ ብላችሁ ያገኛችሁትን ሰው ሳትመርጡ እንድትለኩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ሊለካው ከሚችለው በላይ በሆነ አክብሮት፣

የመሰላል ታናሽ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቤታችን ረጅሙ ሰው ወንድሜ አልነበረም፤ እኔ በአራት ጣት እበልጠዋለሁ። አንድ ቀን ወደ እናንተ መምጣቴ ስለማይቀር፣ ቆሜ ሳለሁ ሜትራችሁን ይዛችሁ ብትመጡ በሬ ክፍት ነው። ዝናብ ከሆነ ጃንጥላ እልክላችኋለሁ፤ ልጆቼ የዚያን መዶሻ ድምፅ እንዲሰሙ አልፈልግም።