ሳልለካ ያዘዝኳት መኪና

ሰኔ 24
ሥራ፣ ዝናብ፣ ምሳ ሽሮ።
ከቢሮ ስወጣ መኪና መሸጫው ጋ ጎራ ብዬ ፈረምኩ። በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ሰማያዊ፣ የመጪው ዓመት ሞዴል። ገና አልመጣችም፤ ያየሁት ፎቶዋን ብቻ ነው። መስከረም ላይ ትደርሳለች አለኝ ሻጩ አምባቸው። አዳራሹ ውስጥ የቆመችውን የዘንድሮዋን ግራጫ ሊያሳየኝ ቢል ዞር ብዬም አላየኋት። አዲስ እያለ…

ሰኔ 25
ለአባ ነገርኳቸው። መኪናዋ ለእሳቸው እኮ ናት። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ ሁለት ዓመት ሆነው። ከሐይቁ ዳር ደንገል እየቆረጡ ታንኳ መሥራት ቀረ። ዘጌ ያሉትን ታላቅ እኅታቸውን፣ አክስቴ ዘሊካን፣ ቀዝፈው ሄደው መጠየቅም ቀረ። አክስቴም ከአልጋ አይወርዱም። ባጃጅ አይሆን… አንዴ ገብተው ለማውጣት ሁለት ሰው ፈጀ።
«ለክተውሻል?» አሉኝ።
ሳቅኩ። መኪና እንደ ቀሚስ አይለካም አልኳቸው።
«እኔ ታንኳ ያዘዘኝን ሰው ሳላስቀምጥ፣ እግሩን ሳላዘረጋ፣ ደንገል ቆርጬ አላውቅም።»
የሽማግሌ ነገር።

ሐምሌ 19
ቢሮ ፎቶዋን ያላየ የለም። ባልደረባዬ ገድሉ «ባለ አዲስ ሞዴል» እያለ ይጠራኛል። አልወደውም ብል ውሸት ነው።

ነሐሴ 11
ከዘጌ ተደወለ። አክስቴ ደክመዋል። አባ ስልኩን ከዘጉ በኋላ መኪናዋ መቼ እንደምትመጣ ሁለቴ ጠየቁኝ። እሳቸው አንድ ነገር ሁለቴ አይጠይቁም ነበር።

መስከረም 8
መጣች። አምባቸው ራሱ እየነዳ ቤት ድረስ አመጣልን። ታምራለች… ከፎቶዋም ትበልጣለች።
ግን ዝቅ ያለች ናት። አባ ተቀመጡ፤ መነሳት አቃታቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በመጨረሻ እኔና አምባቸው ጎትተን አወጣናቸው። ጎረቤት ያያል። አባ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አንቺ ንጂባት ልጄ። እኔ ለዘሊካ ሰላምታ እልካለሁ» አሉ።
ተናደድኩ። በማን? በጉልበታቸው ይሆናል። አምባቸው መኪናዋን መልሶ ወስዶ ርክክቡን ሁለት ቀን እንዲያቆይልኝ ለመንኩት።

መስከረም 9
ቢሮ ምን እላለሁ? ይኼን ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ።
አባ ከአልጋቸው ጫፍ ማንም ሳይደግፋቸው ይነሳሉ። እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ሲባጎ አመጣሁና ከወለሉ እስከ አልጋው ለክቼ ቋጠርኩበት። ጫፉን በጣታቸው ሳብ አድርገው ሞከሩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሲባጎውን ወጥሪው፤ ላልቷል» አሉ።

መስከረም 10
ሲባጎዬን ይዤ አዳራሹ ገባሁ። አምባቸው ያበድኩ መስሎታል። ሰማያዊዋ ጋ ቋጠሮው ከመቀመጫው አንድ ስንዝር በላይ ቀረ። ያቺ ዞር ብዬ ያላየኋት ግራጫ ጋ ግን ልክክ አለ።
ቀየርኩ። ሰማያዊዋን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበር፤ አምባቸውም ደስ ብሎታል። ስወጣ አንዴ ዞሬ አየኋት… ሰው ነኝ።

መስከረም 14
አባ ገቡ። ወጡ። እንደገና ገቡ። ብቻቸውን!
ሰፈሩን አንድ ዙር አዞርኳቸው። ስንመለስ፣ «አንገትሽን እያሰገግሽ ነው የምትነጂ። ሐፍሳ፣ አንቺንስ ማን ለካሽ?» አሉ። በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ፤ እግሬን አዘረጉኝ፤ በዚያው ሲባጎ ለኩኝ። ደንገል እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ሁለት ዓመት ደንገል በእጃቸው አልነኩም ነበር።

ጥቅምት 3
ዘጌ ደርሰን መጣን። አባ በሠሩልኝ የደንገል መቀመጫ ላይ ሆኜ ነዳሁ፤ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኛል። አክስቴ ዘሊካ የአባን እጅ ይዘው አለቀሱ፤ አባም አለቀሱ። እኔም። ምሳ በላን፣ ዱዓ ተደረገልን፤ እስክንወጣ ድረስ አክስቴ የአባን እጅ አልለቀቁም።
ደጅ ላይ የአክስቴ ጎረቤት መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና የስንት ዓመት ሞዴል እንደሆነች ጠየቀኝ። አፌን ስከፍት አባ ቀደሙኝ።
«በልካችን ናት» አሉት፣ በሩንም ራሳቸው ዘጉ።